የአኳሪየሜ ውሃ ማጣሪያ ለምን 131 ያወጣል? (ከደሴ፣ ቀን በቀን የያዝኩት)

ህዳር 2

ዛሬ ሶስተኛዋ ኒዮን አሳዬ ሞተች። ጠዋት የአኳሪየሙን መብራት ሳበራ ጠጠሩ ላይ ተጋድማ አገኘኋት፣ እህቴ ሳትነሳ በመረብ አወጣኋት። 12 ነበሩ አሁን 9 ቀሩ፣ ሁለቱ ኤንጀልፊሾች ደህና ናቸው ግን ክንፋቸውን ሰብስበው ጥግ ይዘዋል። እነዚህን አሶች ከአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ በላስቲክ አቅፌ ነው ያመጣኋቸው፣ ጣርማበር ላይ እንዳይበርዳቸው ጃኬቴን አውልቄ ጠቅልያቸው፣ ስለዚ እጄን አጣጥፌ አላይም። ከዛሬ ጀምሮ የማደርገውን ሁሉ እዚህ እፅፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒዮን የአማዞን አካባቢ አሳ ነው፣ የለመደው ውሃ ለስላሳ፣ ማዕድን የሌለው ማለት ይቻላል። የኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ደግሞ በኔ ቲዲኤስ ሜትር (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የሚለካ) 371 ፒፒኤም ነው፣ የቤታችንን የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ያየ ሰው ነጩን ቅርፊት ሲያይ ይገባዋል። ለሰው ምንም አይልም፣ አሶቹ ጉፒና ሞሊ ቢሆኑ ይወዱት ነበር፣ ለኒዮን ግን ከባድ ነው። ለዛ ብዬ ነው አርኦ ማሽን (ማዕድኑን የሚያስቀር ውሃ ማጣሪያ) ያስገባሁት፣ ያው ለኩሽና የሚሸጠው ባለ 5 ደረጃ፣ መጀመሪያ ደለል የሚይዘው ነጩ ፊልተር፣ ከዛ ሁለት ካርቦን፣ ከዛ በቀን 75 ጋሎን የሚያወጣ ሜምብሬን (ውሃውን በግፊት አሳልፎ ማዕድኑን የሚያስቀረው ረቂቅ ወንፊት)፣ መጨረሻ ላይ ሚኒራል ካርትሪጅ፣ ከጎኑ 24 ቮልት ፓምፕ። ሜምብሬኑን መስከረም ላይ ራሴ ነኝ የገጠምኩት። ጤነኛ ሜምብሬን ከሚገባው ማዕድን 95 ከመቶ በላይ ማስቀረት አለበት፣ ማለትም ከ371 ውስጥ ከ20 በታች ነው ማለፍ ያለበት። የኔ 131 ነው የሚያወጣው። አንድ ወር ሙሉ ሳልለካ "የተጣራ" እያልኩ ስጨምርላቸው የነበረው ይሄን ነው።

የሸጠልኝ ልጅ ጋ ደወልኩ፣ "ሜምብሬኑ ሞቷል ሌላ ግዛ" አለኝ በቃ። ሊሆን ይችላል፣ ግን ሳላረጋግጥ ያን ያህል ብር አላወጣም።

ህዳር 3

መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ሜትሩን ነው። ሁለቱን እሾኾች በንፁህ ጨርቅ ጠርጌ፣ መለያው ላይ ቲዲኤሱ የተፃፈበት የታሸገ ውሃ ገዝቼ ለካሁ፣ ከተፃፈው በ4 ብቻ ነው የተለየው። ሜትሩ ደህና ነው።

ከዛ ማሽኑን ቱቦ በቱቦ እየነቀልኩ በየመገጣጠሚያው ለካሁ። ይሄን መጀመሪያ ቀን ነበር ማድረግ የነበረብኝ፣ ምክንያቱም ጫፉ ላይ ብቻ ስትለካ የቱ ጋ እንደተበላሸ አታውቅም።

ከቧንቧ 371። ከደለል ፊልተሩና ከሁለቱ ካርቦን በኋላ ያው 371። (እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ካርቦን ክሎሪንና ሽታ ነው የሚይዘው እንጂ የሟሟ ማዕድን አይቀንስም፣ ደለል ፊልተርም ጭቃ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ስለዚ ቁጥሩ አለመቀነሱ ጥፋት አይደለም።) ከሜምብሬን በኋላ 96። ከሚኒራል ካርትሪጁ በኋላ 131።

እስቲ እዩት፣ 35 የሚሆነውን የጨመረው ሚኒራል ካርትሪጁ ነው! ስራውም እሱ ነው ለካ፣ ለሚጠጣ ሰው ጣዕም እንዲኖረው ማዕድን መልሶ ይጨምራል። ለአኳሪየም ግን እኔ ደክሜ ያወጣሁትን እሱ መልሶ ያስገባዋል። ወዲያው ነቀልኩትና ቱቦውን በቀጥታ አገናኘሁት። ለእናቴ የመጠጥ ውሃ ሌላ ጊዜ በቲ ቅርንጫፍ አወጣላታለሁ።

የቀረው 96 ነው። 371 ሲቀነስ 96፣ ለ371 ሲካፈል፣ 74 ከመቶ ብቻ እያስቀረ ነው ማለት ነው። አሁን እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነው።

ህዳር 5

ግፊት። ሜምብሬን ያለ ግፊት ምንም አይሰራም፣ ግፊቱ ሲያንስ ውሃው ይቀንሳል ማዕድኑ ግን በራሱ መንገድ ማለፉን ስለሚቀጥል የሚወጣው ውሃ ቲዲኤሱ ይጨምራል። እኛ ቤት ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ ሮቶ ይሞላል፣ ማሽኑ የሚጠጣው ከሮቶው ነው። ሮቶው ከማሽኑ 4 ሜትር ከፍ ይላል፣ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ነው፣ ስለዚ ያለ ፓምፕ የማገኘው 0.4 ባር ነው፣ ወደ 6 ፒኤስአይ። ሜምብሬኑ ደግሞ የተሰራው ለ50 ፒኤስአይ ነው። ፓምፑ ነው ሁሉንም የሚሸከመው።

ጎረቤታችን የቧንቧ ሰራተኛ ናቸው፣ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) እንዲያውሱኝ ሄድኩ። "ጋሼ ጌጅ ካለዎት" ስላቸው ራሳቸው ይዘው መጡ፣ ከሜምብሬኑ በፊት በቲ ገጠምነው፣ 35 አነበበ። ጋሼ ፓምፑን በእጃቸው ነካ አደረጉና ድምፁን ሰምተው "ይሄ እኮ ውሃ ተጠምቷል ልጄ፣ የሚስበው አጥቶ ነው" አሉኝ። ደለል ፊልተሩን ስንፈታው ቡና መስሏል። ባለፈው ፈረቃ ውሃው ከብዙ ቀን ጠፍቶ ሲመለስ ቡኒ ሆኖ ነበር የመጣው፣ ያ ሁሉ ጭቃ ሮቶ ገብቶ ከዛ ፊልተሩ ላይ ተለጥፏል። አዲስ ባለ 5 ማይክሮን ቀየርኩ፣ ጌጁ ወደ 68 ወጣ። በጣም ደስ አለኝ፣ ሩብ ሰዓት ካስኬድኩት በኋላ ለካሁ።

81።

ከ96 ወደ 81 ወረደ፣ 78 ከመቶ። ተሻሽሏል ግን አልዳነም። ጋሼ ፊቴን አይተው "አብሽር፣ ግማሹ ተገኝቷል" ብለውኝ ቡና ጠጥተው ሄዱ፣ ጌጁንም ትተውልኝ።

ለራሴም ለሌላውም የምለው፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃው እንደመጣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሮቶ አታስገቡ፣ ለቤት ማጠቢያ ይሁን። ከዚህ በኋላ እኛ ቤት እንደዛ ነው የሚደረገው፣ እናቴም ተስማምታለች።

ህዳር 6

የውሃውን መጠን ለካሁ። አንድ ሊትር ጠርሙስ፣ የስልኬ ሰዓት፣ እህቴ ቁጥር ፀሐፊ። የተጣራው አንድ ሊትር በ4 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ሞላ። የሚደፋው አንድ ሊትር በ1 ደቂቃ ከ40። ለአንድ ሊትር ንፁህ 2.7 ሊትር ይደፋል ማለት ነው፣ ለእንዲህ አይነት ማሽን ያለ ነገር ነው፣ የሚደፋውን ውሃ የሚገድበው ፍሎው ሪስትሪክተር ደህና ነው አልኩ። የሚደፋው ባይኖር ማዕድኑ ሜምብሬኑ ላይ ተከማችቶ ይደፍነው ነበር።

የሚደፋውን ግን እውነት ለመናገር ማየት ይከብዳል። እናቴ ቧንቧው ስር ቆማ እያየችው "ውሃ እንዲህ ይደፋል እንዴ ልጄ፣ ሰው በጀሪካን ተሸክሞ ነው የሚያመጣው" አለችኝ፣ ልክ ናት። ቱቦውን አስረዝሜ ጓሮ ያለው በርሜል ውስጥ አስገባሁት። ያው የቧንቧ ውሃ ነው ማዕድኑ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ካርቦኑ ግን ክሎሪኑን ስላወጣው ተቀምጦ ይበላሻልና ለመጠጥ አይሁን፣ ለልብስ፣ ለወለል፣ ለሽንት ቤት ሲሆን በዛው ቀን ያልቃል። ዛሬ እናቴ ብርድ ልብስ አጠበችበት።

ማታ ተኝቼ ቁጥሩን ሳስብ አንድ ነገር አልጥም አለኝ። 75 ጋሎን በቀን ማለት በደቂቃ 197 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ እሱም 25 ዲግሪ ውሃ በ50 ፒኤስአይ ሲሆን። የኛ ውሃ ዛሬ 14 ዲግሪ ነው፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ሌሊቱን ሮቶው ላይ ስለሚያድር። በየዲግሪው ወደ 3 ከመቶ ይቀንሳል፣ ለ11 ዲግሪ ከመቶ 70 ምናምን ይቀራል፣ ግፊቴ ከ50 በላይ ስለሆነ መልሶ ይጨምራል፣ ደምሬ ስባዛው 190 አካባቢ ነው መውጣት ያለበት። የኔ ግን 224 ነው የሚያወጣው። ያረጀ የተደፈነ ሜምብሬን ያንሳል እንጂ እንዴት ይበልጣል? ትርፉ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?

ህዳር 8

ኮምቦልቻ ታላቅ ወንድሜ ጋ ተመሳሳይ ማሽን አለ፣ ለመጠጥ የሚጠቀምበት። ሜምብሬኔን አውጥቼ እንዳይደርቅ ከነውሃው ላስቲክ ውስጥ አስሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ግን ሐረጎን ስትወርድ ሌላ አገር የገባህ ነው የሚመስልህ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ መናኸሪያ ስደርስ ጃኬቴን አውልቄ ክንዴ ላይ ነበር።

የወንድሜን ሜምብሬን አውጥተን የኔን እሱ ማቀፊያ ውስጥ ከተትነው። ወንድሜ ጎማዎቹን ግሊሰሪን ቀባቸውና አውራ ጣቱን አድርጎ ሲጫነው ጠብ ብሎ ገባ። ይሄን ስሜት ልብ አልኩት፣ እኔ ደሴ ላይ ስገጥመው እንዲህ አላለም ነበር፣ የሆነ የሚጎረብጥ ነገር ይዞኝ ነበር፣ ክዳኑ ስለተዘጋ ግን ገብቷል ብዬ ነው የተውኩት።

የሱ ቧንቧ 410 ነው፣ ግፊቱ 60፣ ውሃው 21 ዲግሪ። ሩብ ሰዓት አስኬድነው። ሜትሩን ብርጭቆው ውስጥ ስነክር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

13።

410 ገብቶ 13 ወጣ፣ ወደ 97 ከመቶ! ሜምብሬኑ ሙሉ ጤነኛ ነው። አንድ ሊትር በ4 ደቂቃ ከ47 ሞላ፣ ይሄም ከሂሳቡ ጋር ይገጥማል። ሞቷል የተባለውን ሰምቼ ብገዛ ኖሮ አዲሱም እዛው የተበላሸው ቦታ ገብቶ ያንኑ 81 ያሳየኝ ነበር። ጥፋቱ ሜምብሬኑ ላይ ሳይሆን የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ወንድሜ ምሳ ብላ ቢለኝ ምሳው አልወርድ አለኝ፣ ለመመለስ ቸኩዬ።

ያው ቀን፣ ማታ 2 ሰዓት

ተገኘ።

ባዶውን ማቀፊያ ገልብጬ በስልክ መብራት ውስጡን አየሁት። ታች መሀል ላይ የሜምብሬኑ ቀጭን ቱቦ የሚሰካባት ጉድጓድ አለች፣ ቱቦው ላይ ሁለት ትንንሽ ኦሪንጎች (የጎማ ቀለበቶች) አሉ፣ ንፁሁን ውሃ ከቆሻሻው የሚለዩት እነሱ ብቻ ናቸው። ጉድጓዷ ጠርዝ ላይ ቀጭን ላስቲክ ተጣጥፎ ተለጥፏል። የሜምብሬኑ ማሸጊያ ነው! መስከረም ላይ በመቀስ ስቀደው የተቆረጠ ቁራጭ ከእርጥበቱ ጋር ሜምብሬኑ ላይ ተጣብቆ አብሮ ገብቷል፣ ከጥፍር አትበልጥም። ኦሪንጎቹንም ስመለከት ሁለቱም ላይ ቀጭን መስመር ተጭኖባቸዋል፣ ላስቲኩ የነበረበት ቦታ ላይ።

ስለዚ የሆነው ይሄ ነው፣ በዛች ስንጥቅ በኩል ያልተጣራው፣ እንዲያውም ማዕድኑ የተከማቸበት ውሃ፣ እየሾለከ ንፁሁ ውስጥ ይቀላቀል ነበር። ህዳር 6 ማታ ትርፉ ውሃ ከየት መጣ ብዬ የጠየቅኩት መልሱ ይሄው፣ ከመቶ 15 የሚሆነው ሹልክታ ነው። ውሃው የበዛው ማሽኑ ስለጎበዘ አልነበረም።

ቁራጩን በወረንጦ አወጣሁ፣ ጉድጓዷን በጥጥ ጠረግኩ፣ ኦሪንጎቹ መስመሩ ቢታይባቸውም አልተቀደዱም፣ ግሊሰሪን ቀባኋቸው (ቫዝሊን አይሁን፣ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል)፣ ትልቁ የጎን ጎማ እንዳይታጠፍ እያዞርኩ አስገባሁት፣ መጨረሻ ላይ ሁለት አውራ ጣቴን አድርጌ ተጫንኩት። ጠብ አለ።

አስኬድኩት፣ ጠበቅኩ። እናቴም እህቴም መጥተው ቆሙ።

11።

እህቴ ጮኸች። 371 ገብቶ 11፣ 97 ከመቶ። አንድ ሊትር ለመሙላት አሁን 5 ደቂቃ ከ15 ፈጀ፣ በሂሳብ ያልኩት 190 ሚሊ ሊትር። እናቴ ቁጥሩ ባይገባትም "አልሐምዱሊላህ፣ ተገኘ አይደል" ብላ ሳመችኝ። ለጋሼ ደወልኩላቸው፣ እሳቸውም "አላልኩህም" አሉኝ።

ህዳር 9

ጠዋት ማሽኑን ስከፍተው መጀመሪያ የወጣው ብርጭቆ 46 አነበበ። ልቤ ቀጥ አለ፣ በ5 ደቂቃ ግን 12 ላይ ወረደ። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ማሽኑ ሌሊቱን ሲቆም በሁለቱም በኩል ያለው ውሃ ዝም ብሎ ስለሚቆም ማዕድኑ ቀስ እያለ ወደ ንፁሁ ጎን ይሻገራል። ስለዚ የመጀመሪያዎቹን 2 ሊትሮች ወደ በርሜሉ። ደግሞም ትንሽ ትንሽ እያሉ አስር ጊዜ ከማስነሳት በአንዴ ረጅም ማስኬድ ይሻላል። 20 ሊትር ጀሪካን በ1 ሰዓት ከ45 ይሞላል።

ሌላ፣ መውጫውን ስዘጋው ፓምፑ በየ40 ሰከንዱ ይነሳል ይቆማል። ንፁሁ መውጫ ክርን ላይ ያለችው ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትከለክለው) ግፊቱን አትይዝም ነበር። እዚሁ ደሴ አራዳ ከአሮጌ ማሽን የተፈታች አገኘሁ፣ ቀየርኩ፣ ዝም አለ።

ዲአይ ሬዚን (የቀረውን ማዕድን ጨርሶ የሚያወጣ) ጨምር ያሉኝ ነበሩ። ለባህር ውሃ አኳሪየም ቢሆን እሺ፣ እዛ ዜሮ ያስፈልጋል። ለኔ 11 ከበቂ በላይ ነው፣ መልሼ ማዕድን ልቀላቅልበት እኮ ነው።

ህዳር 12

ስለ ቅልቅሉ። ንፁህ አርኦ ውሃ ብቻውን አኳሪየም ውስጥ አይገባም፣ ፒኤችን (የአሲድነቱን ልክ) የሚይዝለት ካርቦኔት ስለሌለው በድንገት ሊወድቅ ይችላል፣ አሳውም ማዕድን ይፈልጋል። 120 አካባቢ እንዲሆን ነው የፈለግኩት። 30 ከመቶ የቧንቧ፣ 70 ከመቶ አርኦ፣ 371 በ0.3 ሲባዛ 111፣ 11 በ0.7 ሲባዛ ወደ 8፣ ድምሩ 119። ቀላቅዬ ስለካው 120 አለኝ።

የቧንቧውን ድርሻ ደግሞ ከቧንቧ አልቀዳም፣ ከሁለተኛው ካርቦን በኋላ ቲ ጨምሬ ትንሽ ቧንቧ አወጣሁ፣ ማዕድኑ እንዳለ ሆኖ ክሎሪኑ ወጥቶለታል። ክሎሪን በቲዲኤስ ሜትር አይታይም ይሄን ልብ በሉ፣ ለብቻው በጠብታ መመርመሪያ ነው የሚታወቀው፣ ቀለም ካመጣ ካርቦኑ አልቋል ማለት ነው፣ ካርቦኑ ሲያልቅ ደግሞ ክሎሪኑ አሶቹን ብቻ ሳይሆን ሜምብሬኑንም ይበላዋል። ዛሬ ቀለም አላመጣም። በየወሩ አያለሁ።

ህዳር 13

የአኳሪየሙ ውሃ ራሱ አሁን 356 ነው። በአንዴ ወደ 120 ባወርደው አሶቹን እገድላቸዋለሁ፣ ሰውነታቸው የለመደውን ጨው ድንገት ሲያጣ አይችለውም። በቀን 20 ሊትር ብቻ፣ አኳሪየሙ ከሚይዘው 200 ሊትር አንድ አስረኛ። ሙቀቱም አለ፣ አኳሪየሙ 26 ዲግሪ ነው ጀሪካኑ 14፣ ስለዚ ጀሪካኑ ማታውን ቤት ውስጥ ያድርና ጠዋት ሙቅ ውሃ የያዘ ባልዲ ውስጥ ቆሞ ይሞቃል፣ ከዛ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እህቴ ይሄን ስራ ወስዳዋለች።

ህዳር 16

መብራት ለ6 ሰዓት ያህል ጠፋ። ማሞቂያውም አየር ፓምፑም ቆሙ። አኳሪየሙን በሁለት ጋቢ ጠቀለልነው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ውሃ በኩባያ እየቀዳሁ ከላይ አፈሰስኩበት ኦክስጅን እንዲያገኝ። 23 ዲግሪ ላይ ሆኖ መብራት መጣ። ሁሉም ደህና ናቸው።

ህዳር 20

ከ7 ቅያሪ በኋላ አኳሪየሙ 232። ኒዮኖቹ አሁንም 9 ናቸው፣ ማንም አልሞተም፣ ሰማያዊው መስመራቸው በርትቷል፣ ከጥግ ወጥተው መሀል ላይ በቡድን ይዋኛሉ። ትልቁ ኤንጀልፊሽ ክንፉን ዘርግቶ ዛሬ ከእህቴ እጅ ምግብ በላ፣ ቪዲዮ ቀርፃ ለወንድሜ ልካለታለች።

ማሽኑ አጠገብ ደብተር በሲባጎ አንጠልጥያለሁ፣ አምስት መስመር ነው፣ ቀን፣ ከቧንቧ፣ ከሜምብሬን በኋላ፣ ግፊት፣ የውሃው ሙቀት። የዛሬው 374፣ 11፣ 66፣ 14። ግፊቱ በ2 ወርዷል፣ ደለል ፊልተሩን ከፍቼ ማየት አለብኝ፣ ትናንት ማታ ውሃ መጥቶ ነበር። ጌጁንም ለጋሼ ልመልስ ብል "እዛው ይሁን፣ አንተ ነህ የምትፈልገው" አሉኝ።

የነገው ጀሪካን ተሞልቶ ከማሞቂያው ጎን ተቀምጧል፣ 119 ይላል።